ባጃጁን አትሽጡት፦ ስለ ዶፓሚን የደም ምርመራ ለሳቢያኗ እህት

ጥያቄሽ ለሌላ ቤትም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ አሳጥሬ ላስቀድመው።

«ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ከአምስት ወር ወዲህ ለብቻው ያወራል፤ ጎረቤቶች ግድግዳው ውስጥ መስሚያ ቀብረውብኛል ይላል፤ ሌሊት አይተኛም። ጫት ከ17 ዓመቱ ጀምሮ ይቅማል። ሐኪም ሪስፐሪዶን ጽፎለት ነበር፤ አንድ ቀን ወስዶ ሁለት ቀን ይተዋል። አባቴ ጂን ነው ባይ ነው። ውጭ አገር ያለችው አክስታችን ደግሞ በደም ውስጥ የዶፓሚንን ርዝራዥ የሚለካ ላብራቶሪ አለ፣ የጫት ይሁን የአእምሮ በሽታ ለይቶ ይነግራችኋል አለችን። ለምርመራውና ለመላኪያው ባጃጃችንን ልንሸጥ ነው። እውነት እንዲህ ያለ ምርመራ አለ? ለአባቴ የማሳየው ወረቀት አገኝበታለሁ?»

እኔም እንዳንቺው የድሬ ልጅ ነኝና «አንቺ» ልበልሽ። ከዚራ ነው ያደግሁት፤ አሁን ሐረር ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ሆኜ እሠራለሁ። እንዳንቺ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ሳይ ሁሌም የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ ሳያልቅ፣ ልጁም ሳይባባስበት ትክክለኛው መንገድ ይድረሰው እላለሁ።

ስለዚህ መልሱን አላቆየውም። ባጃጁን አትሽጡት። ዶፓሚን የአንጎል ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው፤ አክስታችሁ ያለችው ርዝራዡም በኬሚስትሪ አለ፤ ይለካልም። ግን የወንድምሽን ሕመም ስም አይነግራችሁም፤ ጫትን ከሌላው አይለይም፤ መድኃኒቱን የሚመርጥ ሐኪምም ውጤቱን አይቶ የሚቀይረው ነገር የለም። በየትኛውም አገር ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ያለ ምክንያት የሚያስጠረጥር የአእምሮ ሕመም፣ በደም ምርመራ የሚያረጋግጥ ሐኪም የለም።

አክስታችሁ ግን ከባዶ ተነሥታ አላወራችም። ሐሳቡ የተከበሩ ሳይንቲስቶች የደከሙበት ነው፤ ከየት እንደመጣ ብነግርሽ ለምን እንዳልሠራም አብሮ ይገባሻል።

እ.ኤ.አ. በ1952 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች፣ ዣን ደሌ እና ፒየር ደኒከር፣ ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን መድኃኒት በጣም ለተረበሹ ታማሚዎች ሰጥተው ድምፅ መስማታቸውና ጥርጣሬያቸው ሲረግብ አዩ። ለምን እንደሠራ በወቅቱ ማንም አላወቀም። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶፓሚን አንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ ያለው መልእክተኛ መሆኑን አሳየ፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ነው። በ1963 ከማርጊት ሊንድክቪስት ጋር ሆኖ ክሎርፕሮማዚንና ተመሳሳይ ሥራ ያለው ሃሎፐሪዶል ለአይጦች ሲሰጥ የዶፓሚን ርዝራዥ አንጎላቸው ውስጥ እንደሚጨምር ተመለከተ። መድኃኒቱ የዶፓሚንን መቀበያ በር ሲዘጋው ነርቩ «አልሰሙኝም» ብሎ አብዝቶ እንደሚለቅ ገመተ። እንግዲህ ርዝራዡን እየለኩ ስለ አንጎል የመገመት መንገድ የተጀመረው ያኔ ነው።

ርዝራዥ የምለው እንግዳ ነገር አይደለም። ዶፓሚን ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ኢንዛይሞች ተቀባብለው ይበትኑትና በመጨረሻ ሆሞቫኒሊክ አሲድ የሚባል ነገር ይቀራል። ይህ ከአንጎል ወደ ደም፣ ከደም በኩላሊት ወደ ሽንት ይወጣል። የራስ ቅል ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ ከወገብ የአከርካሪ ፈሳሽ መቅዳትም ሰው የሚወደው ነገር አይደለም። ከክንድ ደም መቅዳት ግን ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች በታዋቂው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ነገር ብዙዎችን በተስፋ ሞላ። አንዱ ታማሚዎቹ መድኃኒት ላይ ሳምንታት ሲቆዩ ሆሞቫኒሊክ አሲዳቸው ቀስ በቀስ እንደሚወርድ፣ ሲወርድም ሕመማቸው አብሮ እንደሚረግብ አየ። ሌላው ሕመሙ የከፋበት ሰው መጠኑ ከፍ ያለ መሆኑን አየ። በዚያ ዘመን ወጣት ሐኪም ብሆን ኖሮ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

ድሬን አቋርጦ የሚያልፈውን ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ ታውቂዋለሽ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ውለው፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ጎርፍ ድንገት ይሞላዋል። አሁን ድልድዩ ላይ ቆመሽ የውሃውን ከፍታ ብቻ ብትለኪ ዝናቡ በየትኛው ተራራ፣ በማን ማሳ ላይ እንደወረደ ልትነግሪኝ ትችያለሽ? ደም ማለት ደቻቱ ነው። በደም ውስጥ ያለው ሆሞቫኒሊክ አሲድ አብዛኛው ከአንጎል የመጣ አይደለም። ዶፓሚንን አንጎል ብቻ አይሠራውም፤ በሰውነት ውስጥ ከሚመረተው ዶፓሚን ግማሽ የሚጠጋው ከሆድ ዕቃ፣ ከአንጀትና በዙሪያው ካሉ አካላት ነው። ኩላሊትም ይሠራል። ልብንና የደም ሥርን የሚቆጣጠሩት ነርቮችም ኖርአድሬናሊን ለመሥራት በመጀመሪያ ዶፓሚን ይሠራሉ፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው መንገድ ላይ ይበተንና ያንኑ ርዝራዥ ይተዋል። ከአንጎልም ቢሆን ለስኪዞፍሬኒያ የምንጠረጥረው ስፍራ በጣም ትንሽ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል።

ተመራማሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ዲብሪሶኩዊን የሚባል ወደ አንጎል የማይገባ መድኃኒት እየሰጡ ከአንጎል ውጪ ያለውን ምርት ለማፈን ሞክረዋል። ታማሚው ሌሊቱን ጾሞ ያድራል፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሣ ደም ይቀዳል። ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ? መጠኑ ጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ቀትር ይወርዳል። የበሉት ምግብ ይለውጠዋል፤ መራመድ፣ መሮጥ፣ መፍራት ይለውጠዋል። ኩላሊት ከደከመ ይጠራቀማል። ሙዝ ራሱ ብዙ ዶፓሚን አለው፤ የበላሽው ዶፓሚን ወደ አንጎል አይገባም፤ ርዝራዡ ግን ደምና ሽንት ውስጥ ይታያል። አስቢው እስቲ፦ ወንድምሽ ማታ ታይዋን ሰፈር ሁለት ሙዝ በልቶ፣ ጠዋት በሙቀት በእግሩ ሄዶ፣ መርፌ ፈርቶ የሰጠው ደም ስለ ጎረቤቶቹ መስሚያ ምን ሊናገር ይችላል?

በዚያ ላይ ሪስፐሪዶኑን አንድ ቀን ይውጣል፣ ሁለት ቀን ይተዋል ብለሻል። እነዚህ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ርዝራዡን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሳምንታት ሲቆዩ ዝቅ ያደርጋሉ። የሚቆራረጥ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ቁጥር የትኛውን ቀን እንደሚያሳይ ማንም አይፈታውም።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ የሚቀር አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምመዝነው ይህን ነው። ሐረር ከድሬ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሌላው 1,200። ዓመቱን ሙሉ ብትለኪ ልዩነቱ ሁሌም ይወጣል፤ እውነት ነው። አሁን ግን እኔ «ቴርሞሜትሩ 24 ዲግሪ ይላል፤ የት ነው ያለሁት?» ብልሽ መመለስ አትችዪም። በክረምት ሌሊት ድሬም 24 ይሆናል፤ በበጋ ቀትር ሐረርም ይሆናል። መቶ ታማሚና መቶ ጤነኛ ሰብስቦ አማካይ ልዩነት ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ልጅ ፊትሽ አስቀምጦ በአንድ ቁጥር መፍረድ ሌላ ነገር ነው። የታማሚዎቹና የጤነኞቹ ቁጥር በአብዛኛው ይደራረባል። በአንጎል ውስጥ የዶፓሚንን ምርት በቀጥታ የሚያሳየው ፔት የሚባለው ውድ ምርመራ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። በቡድን ሲታይ በታማሚዎች ላይ ምርቱ ከፍ ይላል፤ በአንድ ሰው ላይ ግን አይፈረድበትም። እንዲያውም የተለመዱት መድኃኒቶች እምቢ ያሏቸው ታማሚዎች ሲታዩ የዶፓሚን ምርታቸው እንደ ጤነኛ ሰው የሆነ ብዙ ተገኝቷል። ድምፅ ይሰማሉ፤ ዶፓሚናቸው ግን አልበዛም። እንግዲህ ሕመሙ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም።

ይህን ለመማር ሳይንስ ብዙ ጊዜ ተሰናክሏል። አንዱ መሰናከል የእኛኑ የሐረር ነገር ስለሚነካ ልንገርሽ። በ1950ዎቹ በታማሚዎች ሽንት ውስጥ ከጤነኞች የበዙ የፌኖል አሲዶች ተገኙና የበሽታው ምልክት ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። በ1959 ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉት ልዩነቱ ከበሽታው ሳይሆን ከቡና ሆኖ ተገኘ። ሆስፒታል የተኙት ሰዎች ብዙ ቡና ይጠጡ ነበር፤ ሽንታቸው ውስጥ የታየው የቡናው ርዝራዥ ነበር። ቁጢና ሆጃ የሚባለው የቡና መጠጥ ሲጠጣ በሚውልበት፣ ጀበና ከእሳት በማይወርድበት አገር ይህን ታሪክ የማያውቅ ላብራቶሪ ቢከፈት ግማሹን ሐረሬ ታማሚ ይለው ነበር። በ1957 ደግሞ ሌላ የደም ምርመራ በስዊድናዊው ኦከርፌልት ተገኘ ተብሎ ዓለም ጮኸለት። ሲጣራ የታማሚዎቹ ደም ቀለም የሚቀይረው ሆስፒታሉ ውስጥ ቫይታሚን ሲ ያለው ምግብ ስለሚያንሳቸው ነበር። በ1962 ፍሪድሆፍና ቫን ዊንክል «ሮዝ ነጠብጣብ» የተባለውን ነገር ከ19 ታማሚዎች በ15ቱ ሽንት አገኙ፤ ከ14 ጤነኞች በአንዱም አላገኙም። ይህን ያህል የጠራ ልዩነት አይቶ ማን ይጠራጠራል? ዓመታት አልፈው ሌሎች ሲደግሙት ምግብና መድኃኒት ገብቶበት ተገኘና ተበተነ። በ1981 ለከባድ ድብርት የላብራቶሪ ምርመራ ተገኘ ተብሎ በየአገሩ ሥራ ላይ የዋለው የዴክሳሜታዞን ምርመራም መጨረሻው እንዲሁ ሆነ፤ ኪሎ የቀነሰ፣ የመርሳት ሕመም ያለበት፣ መጠጥ በቅርብ ያቆመ ሰውም ላይ ያው ይወጣ ነበር።

እነዚህን የምዘረዝረው በሳይንቲስቶቹ ለመፍረድ አይደለም። ስህተታቸውን ራሳቸው ፈልገው ያገኙ፣ በግልጽም የጻፉ ሰዎች ናቸው። የምዘረዝረው ዛሬ በኢንተርኔት «የአእምሮ ኬሚካል ምርመራ» የሚሸጠው ሰው ይህን ታሪክ ስለማይነግራችሁ ነው።

የዶፓሚን ርዝራዥ ምንም አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። ኒውሮብላስቶማ የሚባል የሕፃናት ዕጢ ሲጠረጠር በሽንት ውስጥ ሆሞቫኒሊክ አሲድ ይለካል፤ ዕጢው ራሱ እነዚህን ኬሚካሎች ስለሚያመርት ቁጥሩ ከወትሮው ርቆ ይወጣል። ፓራጋንግሊዮማ ለሚባሉ ዕጢዎችም ሌላኛው የዶፓሚን ርዝራዥ፣ ሜቶክሲታይራሚን፣ በደም ይለካል። እዚያ ደቻቱ የሚሞላው ከአንድ ቦታ በሚወርድ ትልቅ ጎርፍ ነው፤ ስለዚህ መለካቱ ትርጉም አለው። በወንድምሽ ግን ጎርፍ የለም፤ ልዩነት ቢኖር እንኳ በአንድ ጠብታ ያህል ነው።

በእኛ ሥራ ዶፓሚንን በደም በኩል የሚያሳየን አንድ ነገር ካለ ፕሮላክቲን ነው። የጡት ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን ማለት ነው። ዶፓሚን በተለምዶ ይህን ሆርሞን አፍኖ ይይዘዋል፤ ሪስፐሪዶንና ሃሎፐሪዶል ዶፓሚንን ሲያግዱት ፕሮላክቲን ይለቀቅና ይወጣል። በሴት ላይ የወር አበባ ሊያስቀር፣ በወንድ ላይ የወሲብ ፍላጎት ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ወጣቶች መድኃኒታቸውን በድብቅ የሚጥሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእናታቸውና ለእህታቸው ደግሞ አይናገሩትም። ወንድምሽ መድኃኒቱን የሚዘልለው ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። ሐኪሙ ለብቻው ቢጠይቀው ይሻላል። ፕሮላክቲንም ቢሆን መድኃኒቱ ስለሚያደርገው ነገር እንጂ ስለ በሽታው ስም አይናገርም።

ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ ከውጭ አገር ላብራቶሪ የመጣ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። «ከፍተኛ» ተብሎ በቀይ ተሠምሮበታል። ወረቀቱን ከእኔ ቀድመው አይተውት ስለነበር ከፍ ያለውን ለማውረድ ብለው ሃሎፐሪዶሉን ቤት ውስጥ እጥፍ አድርገው ሰጥተውታል። ልጁ የመጣው አንገቱ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነው። እናቱ ጂኑ ገደለብኝ እያለች ታለቅሳለች። የመድኃኒት መብዛት ነበር፤ አንድ መርፌ ተሰጥቶት በግማሽ ሰዓት ተፈታ። ያቺን እናት እስካሁን አልረሳኋትም። ቁጥር እጅሽ ሲገባ አንድ ነገር አድርጊ ይልሻል፤ የማይጠቅም ቁጥር የሚጎዳው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጫቱ። ይህ የጥያቄሽ እምብርት ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ካቲኖን የሚባለው የጫት ፍሬ ነገር በተባበሩት መንግሥታት ላብራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው በ1975 ነው። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ ከነርቭ ጫፍ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ የአወዳይ ገበያ ሌሊት የሚጣደፈው፣ ጫቱ በኮባ የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቃሚ ሰው ደም ውስጥ የዶፓሚን ርዝራዥ ብትለኪ የጫቱ ዳና፣ የሕመሙ ዳናና የመድኃኒቱ ዳና እርስ በርስ ይደባለቃል። አክስታችሁ ይለያል ያለችው ምርመራ በተለይ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው የሚወድቀው።

የሚለየው ጊዜ ነው። ሳይኮሲሱን፣ ማለትም የድምፅ መስማቱንና የጥርጣሬውን ሕመም፣ ያመጣው ጫት ብቻውን ከሆነ ጫቱ ሲቆም በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይረግባል። ወር አልፎት፣ ቅጠል ሳይነካ፣ ድምፁና ጥርጣሬው ካልለቀቀው ከጫት የዘለለ ሕመም እንዳለ እናስባለን። ሌላም የምንጠይቀው አለ። ጫት ሳይበዛ በፊት ጀምሮ ከሰው መራቅ፣ ትምህርት መተው፣ ንጽሕናን መርሳት ነበረው? በዘመድ ውስጥ እንዲህ የታመመ አለ? ምርቃና ላይ እያለ ብቻ ነው የሚሰማው ወይስ ጠዋት ሳይቅምም? ብዙ ጊዜ ደግሞ መልሱ «ሁለቱም» ነው። ሕመሙ በውስጥ አለ፤ ጫቱ ይቀሰቅሰዋል፤ መድኃኒቱ የሚዘጋውን በር ጫቱ ከሌላ አቅጣጫ ያንኳኳዋል። ማታ በአልኮል «ጨብሲ» ካለ ደግሞ እንቅልፉ ጨርሶ ይበላሻል።

ሲያቆም የሚመጣውን አስቀድማችሁ እወቁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከፋል፤ ይነጫነጫል፤ ይደብተዋል፤ ቀን ሲተኛ ይውላል፤ ሌሊት ዱካክ ይይዘዋል። እንደ ሰው አስመስሎ ደረቱ ላይ የሚቀመጥ ቅዠት ይመጣበታል። ይህን አይቶ «ጂኑ ተመለሰ» የሚል ብዙ ነው፤ «እንኪያስ ይቃም፣ ይሻለዋል» ብሎ ጫት የሚገዛለት ቤትም አይቻለሁ። ያልፋል። በአንድ ጊዜ ማቆም ካቃተው የሚቅምበትን ሰዓት ወደ ቀን አምጡ፣ መጠኑን ቀንሱ፣ ሌሊቱን አስከብሩለት። እንቅልፍ ያላገኘ አንጎል በመድኃኒትም አይረጋም።

ደም ይመርመር ካላችሁ ደግሞ እዚሁ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ መልሱ ሕክምናውን የሚለውጥ ምርመራ አለ። ድሬ ላይ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ወባ ነው፤ በተለይ ትኩሳት ካለው። በ2022 ደረቁ ወር ላይ ድሬዳዋን የመታትን የወባ ወረርሽኝ ያስታወሰ ሰው ወባን በክረምት ብቻ አይጠብቅም፤ በከተማ ማጠራቀሚያ ውሃ የምትራባው አዲሷ ትንኝ ነበረችበት። ትኩሳት ያለው፣ የሚዘባርቅ፣ ቀንና ቦታ የጠፋበት ሰው የአእምሮ ክፍል ሳይሆን የድንገተኛ ክፍል ታማሚ ነው። ከዚያ የታይሮይድ ምርመራ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የደም ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ሁኔታ፣ የደም ሴል ቆጠራ። እያንዳንዳቸው የአእምሮ ሕመም መስለው የሚመጡ በሽታዎችን ይይዛሉ፤ ወይም መድኃኒቱን ከመቀጠላችን በፊት ማወቅ ያለብንን ይነግሩናል። የሚጥል በሽታ ወይም ራሱ ላይ የደረሰ አደጋ ካለ መናገር አትርሺ።

የሕመሙ ስም የሚወጣው ግን ከንግግር ነው። ይህ የድህነታችን ምልክት አይደለም። ቡታጅራ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውና በዓለም የሚጠቀሰው የአገራችን ጥናት ከ68,000 በላይ ሰው ያጣራው ቤት ለቤት ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ በመጠየቅ ነበር፤ ታማሚዎቹም የተለዩት በሠለጠነ ሐኪም ቃለ መጠይቅ ነው። ለንደንም ያለው ሐኪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ብቻ። መቆራረጡ ከጫቱ ባልተናነሰ ይጎዳዋል። በየቀኑ መዋጥ ከከበደው በየሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚወጋ መርፌ አለ፤ ሐኪሙን ስለእሱ ጠይቁት። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ መንጋጋው ወይም አንገቱ ከተያዘ፣ ቁጭ ማለት አቅቶት ከተቁነጠነጠ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ይስተካከላል፤ ለዚያ ዕለቱኑ ተመለሱ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣ ግን ነገ አትበሉ፤ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ እንደሚያስብ ከተናገረም እንዲሁ። ባጃጁ ካልተሸጠ ያን ሌሊት የሚያደርሳችሁ እሱ ነው።

አባትሽ። ወረቀቱን የፈለግሽው ለእሳቸው እንደሆነ ጥያቄሽን ሳነብ ገባኝ፤ እሱ ነው የነካኝም። ዕድሜዬን ከአባቶች ጋር ስነጋገር የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ አንድ ልምከርሽ። በላብራቶሪ ውጤት ልባቸው የተመለሰ አባት አላጋጠመኝም። እንግሊዝኛ ቁጥር አንብበው «ይኼማ የፈረንጅ ነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ቁጥሩ ስለ ልጃቸው ምንም አይናገርም። የሚመልሳቸው ልጃቸው ሌሊቱን ሲተኛ፣ ጠዋት ተነሥቶ ሲታጠብ፣ «አባዬ ሻይ ልቅዳልህ» ሲል ማየት ነው። ስለዚህ ጂን የለም ብለሽ አትከራከሪያቸው። ቁርኣን ይቀራለት፤ ዱዓ ይደረግለት፤ በዚህ አልጣላም። የምለምናቸው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ ልጁ አይታሰር አይመታ፣ ከምግብና ከውሃ አይከልከል። ይህን ሲሰሙ እምነታቸውን ልነጥቃቸው እንዳልመጣሁ ያያሉ፤ ያኔ ያደምጡኛል። እኔጋ ከሚመጡ ቤተሰቦች ሼኻቸው ራሳቸው «መድኃኒትህን ዋጥ» ያሉት ልጅ አለ፤ ከማንም በላይ የጠቀመው ያ ቃል ነው።

ወረቀት ካስፈለገ ደግሞ እናንተው ጻፉት። አንድ ደብተር ግዢ። በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍበት፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ መድኃኒቱን ዋጠ ወይስ አልዋጠም፣ ጫት ቃመ ወይስ አልቃመም፣ ድምፅ ሰማሁ አለ ወይስ አላለም። ስድስት ሳምንት። ደብተሩን ይዛችሁ ድል ጮራም ሆነ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ብትሄዱ፣ ያየው ሐኪም ከየትኛውም የዶፓሚን ቁጥር ይበልጥ ይጠቀምበታል፤ ጫት ይሁን ሌላ የሚለውም ጥያቄ ቀኖቹ ሲደራረቡ እዚያው ላይ እየታየ ይመጣል።

ጸሐፊው አንቺ አትሁኚ፤ አባትሽ ይጻፉ። ዛሬ ማታ ይጀምሩ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ልጃቸው ስንት ሰዓት እንደተኛ ብቻ ያስፍሩ።